ለአባ ይመር «የለም» ያልኩ ቀን

ወልድያ ዛሬ እንዲህ ሳትሰፋ፣ እኔም ልጅ ሳለሁ፣ ግቢያችን ራሱ አንድ ትንሽ ከተማ ነበር። ከፊት መንገዱን ይዞ የአባቴ የእህል መደብር፣ ከጀርባ በተርታ የተከራዮች ጭቃ ቤቶች፤ በአንዱ ሸሚዙን በየቀኑ የሚተኩስ የመንግሥት ጸሐፊ፣ በአንዱ ጠላ ሻጭ፣ በመጨረሻው ደግሞ ከሐራ ገበያ በአህያ እህል የሚያመላልሱት አባ ይመር ከልጅ ልጃቸው ከሰዓዳ ጋር ይኖሩ ነበር።

ያኔ አመሻሽ ላይ የግቢው ልጆች ሁሉ እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። ኩራዙ ይጨሳል፣ የምድጃው ፍም አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ አመድ ይለብሳል፤ እሳቸው አንበሳውንም ጦጣዋንም በየድምፃቸው ያናግራሉ። «ጦጣዋስ ምን አለች?» ሲሉ የጸሐፊው ልጅ ዝም ካለ፣ «ይኸ የቢሮ ልጅ ያለ ማኅተም አይናገርም!» ይሉትና በሳቅ እንፈርሳለን። ሰዓዳ ሁልጊዜ ጋቢያቸው ውስጥ ነበረች። እኔ፣ የባለቤቱ ልጅ፣ ከዚያ ጋቢ ውጭ መቀመጤ ያንገበግበኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በደርግ መጨረሻ ጦርነቱ ከሰሜን ወርዶ እኛ ዘንድ ደረሰ። አባቴ ደሴ እንደሄደ መንገድ ተዘጋበት፤ ገበያ ቆመ፤ የአባ ይመር አህያ ለጥይት ጭነት ተወሰደች። እናቴ «እህል አለ ወይ ብሎ ማንም ቢጠይቅሽ የለም በይ» አለችኝ። ማንም ያለችው የማናውቀውን ሰው መሆኑ ገብቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ እናቴ ቀብር ሄዳ ሳለ፣ አባ ይመር ባዶ ስልቻ ይዘው መጡ።

«እትዬ የሉም? ለሰዓዳ አንድ ጣሳ ማሽላ ቢሰጡኝ ብዬ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው የጠጣችው።»

«የለም» አልኳቸው።

ዓይናቸው ከእኔ አልፎ የተደረደረው ኩንታል ላይ አረፈና ተመለሰ። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አላህ ለእናንተም ያምጣላችሁ» አሉኝ።

ማታ ለእናቴ ልነግራት አፌን ከፈትኩና፣ ሰዓዳ አንድ ቀን ትራብ ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ አባ ይመር ልጅቱን አዝለው ሀብሩ ወዳሉት ዘመዶቻቸው በእግር ወጥተው ነበር።

ከወራት በኋላ ብቻቸውን ተመለሱ። ሰዓዳን መርሳ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀብረዋታል። ለቅሶ ልትደርሳቸው የሄደችው እናቴ እኔን አስከትላ ነበር።

«ምነው አባ ይመር፣ ቤቴ እህል እያለ ሳይነግሩኝ ይሄዳሉ? እንዲህ ባዕድ ያደርጉኛል?»

እሳቸው ወደ እኔ እንኳ አላዩም።

«መንገዱ አስቸኮለኝ እትዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እናቴ አመነቻቸው። እስክትሞት ድረስ ስማቸው በተነሳ ቁጥር «ደግ ነበሩ፤ ግን ኩራታቸው ልጅቱን በላት» ትል ነበር፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ዛሬ አስተማሪ ነኝ። የተከራዮቹ ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ቆሞባቸዋል፤ ከተረቶቹም አብዛኞቹ መጨረሻቸው ጠፍቶብኛል። አባ ይመር ኩሩ አልነበሩም። መጥተው ለምነዋል። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።