ውሃ የጠጣው ኦፓል

በክብሪት ቀፎ ውስጥ የማስቀምጣት ትንሽ ኦፓል የ2004 ዓ.ም. ክረምት ማስታወሻዬ ናት። ትናንት ልጄ አውጥታ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመረቻት። ከሰዓት በኋላ እያለቀሰች መጣች። «እማዬ፣ ቀለሟ ጠፋ» አለችኝ። ድንጋይዋ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ጠርታለች። ልጄን አቀፍኳት። እኔም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እንደዚሁ አልቅሻለሁ።

ያን ክረምት ቃሊቲ፣ ከትልቁ መንገድ ገባ ብሎ የከበሩ ድንጋዮች የሚሸጡበት ቤት ተቀጥሬ ነበር። የፊቷ ክፍል ሱቅ ናት፤ በጓሮዋ የቆርቆሮ ክፍል ድንጋይ ይቆረጣል፣ ይለሰልሳል። የከባድ መኪኖቹ አቧራ በዝናብ ተቦክቶ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል። የእኔ ሥራ መጥረግ፣ የደረቁትን ድንጋዮች በጥጥ መጠቅለልና ክብደታቸውንና እንከናቸውን በወረቀት ላይ መጻፍ ነበር። የሱቁ ባለቤት ቀድሞ ጨርቅ ትሸጥ የነበረች፣ በድንጋይ ሥራ ከእኔ ብዙም ያልቀደመች ሴት ናት። ድንጋይ የሚያውቁት ቆራጩ ነበሩ፤ ከስልጤ የመጡ፣ ነጭ ዱቄት ከጣታቸው የማይለቅ አዛውንት። ከጓሮ ሲወጡ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አብሯቸው ይወጣል።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ ገጥመው ነበር። ሁለታችንም ጾመኞች ስለሆንን በምሳ ሰዓት ሥራ የለንም። በዚያ ሰዓት ደብተር አስገዝተው የድንጋይን ነገር ያስተምሩኝ ጀመር። ያልተነካው ጥሬ ይባላል። ካራት የክብደት መለኪያ ነው፤ አምስቱ አንድ ግራም። አልማዝ በቀለሙ፣ በጥራቱ፣ በአቆራረጡና በክብደቱ ይመዘናል። ኦፓል ግን ከሁሉ በፊት እሳቱ ይታያል፤ እሳት የሚሉት ሲያዘነብሉት ከውስጡ የሚፈነጥቀውን ቀይና አረንጓዴ ነው። በውስጡ ያለች ነጥብ ወይም ስንጥቅ እንከን ትባላለች።

«ጋሼ፣ እንከን የሌለው አይገኝም?» አልኳቸው።

«ከድንጋይ አልፎ አልፎ ይገኛል። ከሰው እስካሁን አላየሁም።»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቷ ለሙሽራ ቀለበት የታዘዘ ኦፓል ሰጠችኝ። ቅዳሜ ይወስዱታል፣ ጠቅልለሽ አስቀምጪ አለችኝ። መዘንኩት፤ ስምንት ካራት ብዬ ጻፍኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ጸበል ነበር። ለማላውቃት ሙሽራ በረከት ይሁንላት ብዬ ድንጋዩን በሲኒ ጸበል ነከርኩት። በዚህ መሃል ደንበኛ ገባና ረሳሁት። ከቀትር በኋላ ሳወጣው እሳቱ የለም።

ባለቤቷ ከእጄ ወስዳ ሚዛን ላይ አደረገችው። ዘጠኝ ካራት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።

«ይሄ ጠርሙስ ነው» አለች። «ክብደቱ እንኳን አንድ አይደለም። ድንጋዬን ለማን ሰጠሽው?»

«እትዬ፣ በማርያም፣ ጸበል ውስጥ ነው የነከርኩት።»

«ማርያምን ተያት። ድንጋዬን አምጪ።»

የሌባ ስም ይዤ እናቴ ፊት እንዴት እንደምቆም ብቻ አሰብኩ።

ቆራጩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። ማጉያውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ድንጋዩን ገለበጡት።

«ያው ነው። ጀርባው ላይ እኔ የተውኩት ጭረት አለ። የከበደው ውሃ ጠጥቶ ነው። ይህን ዓይነቱን ውሃ ጠጪ እንለዋለን።» ወደ እኔ ዞሩ። «እዚያ ገጽ ገና አልደረስንም ነበር።»

«ቀለሙስ?» አለች ባለቤቷ።

«ቀስ ብሎ ከደረቀ ይመለሳል። ፀሐይ ወይም ምድጃ ካሳያችሁት ይሰነጠቃል።»

«ካልተመለሰስ?»

«እስከ ቅዳሜ የልጅቷ ዋስ እኔ ነኝ። ካልተመለሰ ሁለታችንንም አሰናብቺን።» ድንጋዩን አይተው ፈገግ አሉ። «እኔና እሷ በጾም አፋችን ደርቋል፤ እሱ ቁጭ ብሎ ይጠጣል።»

ባለቤቷ ሳትወድ ሳቀች።

ረቡዕ ድንጋዩ እንደ ወተት ነጣ። የባሰ መስሎኝ አለቀስኩ። «ተይው፣ እየተነፈሰ ነው» አሉኝ። ሐሙስም ነጭ ነበር። እኔ በውዳሴ ማርያም፣ እሳቸው በሥራቸው ላይ ሆነው ጠበቅን። ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ድንጋዩን ከጥጡ አውጥተው ወደ በሩ ብርሃን አዘነበሉት። ከጫፉ አንዲት አረንጓዴ ፈነጠቀች፤ ቀጥሎ ቀዩ መጣ።

«መዝኚው» አሉኝ።

ስምንት ካራት።

ባለቤቷ የጻፍኩትን ወረቀት ደጋግማ አየች። ከዚያ በኋላ የመሳቢያውን ቁልፍ ለእኔ ትሰጠኝ ጀመር።

ይህችን ትንሿን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። «ስንጥቅ አላት፣ አትሸጥም። እሳቷ ግን ደህና ነው» ብለው። አሁን በሕይወት የሉም። ሱቁም የመኪና መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል፤ በዚያ ሳልፍ የዘይት ሽታ እንጂ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ የለም። ከእሳቸው ጋር ስላገናኘኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ድንጋይዋን በጥጥ ጠቅልዬ መደርደሪያው ላይ አድርጌያታለሁ፤ ልጄ በየሰዓቱ ደረቀች ወይ ትለኛለች።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ ቴምር ገዛሁ። ለማፍጠሪያ እንዲሆናቸው በወረቀት ጠቅልዬ ከማጉያቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። ወረቀቱ ላይም፣ ለድንጋይ እንደማደርገው፣ «ከሰው፦ እንከን አልተገኘበትም» ብዬ ጻፍኩበት።