ከእንግዶቹ ቀድሞ የተጻፈ ዜና

አብነት ሣህሉ የሬዲዮ ዘጋቢ ሆኖ ጅማ ሲሠራ አንድ ልማድ ነበረው፤ የውጭ እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ ዜናውን በዋዜማው ጽፎ ይጨርሰዋል። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ዜና ለአዲስ አበባ የሚነበበው በስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ደመና ባየ ቁጥር ይሞታል። ደግሞስ አምባሳደር ምን አዲስ ነገር ይናገራል? «የሁለቱን አገሮች ግንኙነት ለማጠናከር» ይላል፣ «ለመተባበር ቃል ገቡ» ይባልለታል፤ የአገሩን ስም ብቻ መለወጥ ነው።

አብነት በዚህ ሥራው አያፍርም፤ እንዲያውም ይኮራበታል። በመንግሥታት መካከል የቆመ ጋዜጠኛ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ነው፣ መልካሙን ያቀብላል፣ የሚያቀያይመውን በሆዱ ይይዛል እያለ ለጀማሪዎች ይሰብክ ነበር።

በ1994 ዓ.ም.፣ የቡና ዋጋ ክፉኛ በወደቀበት ጊዜ፣ ጥር ላይ አንድ የአውሮፓ አምባሳደር አጋሮ ድረስ መጣ። ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት መትከል ጀምሯል። ስብሰባው ላይ ኦቦ መሐሙድ የሚባሉ አዛውንት ብድግ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ፤ «ቡናችንን ትገዙልናላችሁ ወይስ አትገዙልንም?»

አምባሳደሩ ትንሽ አሰበና በእንግሊዝኛ መለሰ። የመጣሁት ለማየት ነው፣ የመግዛት ሥልጣን የለኝም፣ ነጋዴዎቻችን ይመጣሉ ብዬም ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም አለ። አስተርጓሚው ላቡን ጠረገና «ጥያቄያችሁን በደስታ ተቀብለውታል» አለ። ስብሰባው የተደረገበት ዳስ በጭብጨባ ተናወጠ። እንግሊዝኛ የሚያውቀው አብነት ግን አላጨበጨበም።

ጅማ ተመልሶ አዲስ አበባ ላለው አዘጋጅ ለልዑል ደወለ።

«ልዑል፣ ሰውየው እኮ እንገዛለን አላለም።»

«እና? እንግዳችንን በሬዲዮ እናዋርደው? የሚያቀያይም ነገር በሆድ ይያዝ የምትለው አንተው አይደለህ እንዴ? በል የጻፍከውን አንብብልኝ፣ መስመሩ ሳይቋረጥ።»

የገዛ ስብከቱ መልሶ ያዘው። በዋዜማው የጻፈውን አነበበ፤ «አምባሳደሩ የጅማን ቡና በቀጥታ ለመግዛት ቃል ገቡ።» የራሱን ዜና ሳይሰማ የማያድረው ሰው፣ ያን ቀን ቦሳ አዲስ ሰፈር ካለው ቤቱ ገብቶ ሬዲዮውን አልነካም። አፍሮ ነበር።

ክረምቱ እንደገባ ኦቦ መሐሙድ እዚያው ጅማ፣ መርካቶ የሚባለው ገበያ ውስጥ አገኙት። እጁን ጥብቅ አድርገው ይዘው አለቅም አሉ።

«ልጄ አብነት! ወላሂ፣ ዜናህን ስሰማ አለቀስኩ። ልጆቼ ቡናውን ነቅለን ጫት እንትከል እያሉ ሲያስቸግሩኝ የአንተን ስም ጠርቼ ነው ዝም ያሰኘኋቸው። ዘንድሮ ከነገለባው ያደረቅኩትን ጀንፈል ቡናም ለሰብሳቢ ነጋዴ አልሸጥኩም፣ ለእንግዶቹ አስቀምጬዋለሁ። ብቻ ዝናቡ ጣሪያውን አልፎ ሊያሻግትብኝ ነው። መቼ ነው የሚመጡት?»

«በቅርቡ» ሊል ነበር። ቃሏ አፉ ላይ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች፤ እሷም በዋዜማው የተጻፈች ናት። ነገር ግን የአዛውንቱን ዓይን ሲያይ መልሶ ዋጣት።

«አይመጡም ኦቦ። ያን ቀንም እንመጣለን አላሉም።»

«አስተርጓሚው ዋሸን በለኛ!»

«አዎ።»

«አንተም እንደኔው ሳትሰማ ቀርተህ ነው፣ አይደል?»

አዛውንቱ ማምለጫውን ሰበብ ራሳቸው አቀበሉት። አብነት በአጠገባቸው የሚያልፈውን ጋሪ አየ፣ መሬቱን አየ።

«ሰምቻለሁ» አለ።

ኦቦ መሐሙድ የያዙትን እጅ ቀስ ብለው ለቀቁት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለው ነበር።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ፈረንጁንም አስተርጓሚውንም አላመንኳቸውም ነበር። ያመንኩት የዚያን ዕለት ማታ በሬዲዮ አንተ ስትለው ነው።»