አጭሯ የክብሪት እንጨት

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ሄጄ የግቢውን በር ገፋ ሳደርግ የተቀበለኝ የቤንዚን ሽታ ነው። ሌላውን ሰው ራሱን ያዞረዋል፤ እኔን ሆዴን ይበላኛል። ታናሽ እህቴ ምንትዋብ ቀዩን አሮጌ ሞተር ግድግዳ አስደግፋ፣ ካርቡራተሩን ፈታ ጭኗ ላይ ገልብጣዋለች። የአርባ ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ አሁንም እንደ ልጅነቷ የምላሷን ጫፍ በከንፈሮቿ መሃል ሸጎጥ አድርጋ ነው የምትሠራው። እሱን ሳይ የሠላሳ ዓመት ቅናቴ ተቀሰቀሰ።

ሞተሩ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ነበር። እትዬ አስካለ ከብት ትከትብ ነበር። ሻሿን አገጯ ሥር ቋጥራ፣ ረጅም ካፖርት ደርባ፣ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላዋ በጎማ ጠፍራ ወደ አንኮበር ስትነሳ ሰፈሩ ቆሞ ያያታል። አላገባችም፣ አልወለደችም። እኔ ግን ምነው ልጇ በሆንኩ እያልኩ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። እናቴ ብትሰማ ምን ትለኝ እንደነበር እንጃ።

የአንኮበር ኮረኮንች ሞተሩን እያንገጫገጨ ካርቡራተሩን ያዛባባታል። ውስጡ ቤንዚኑ ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ ነገር አለች፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ትልና መግቢያውን ትዘጋለች፣ ሲጎድል ዝቅ ትልና ትከፍታለች። የምትዘጋበት ከፍታ ከተዛባ ሞተሩ ወይ ቤንዚን ያጥረዋል፣ ወይ ይበዛበታል። ስለዚህ እትዬ አስካለ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ደጇ ላይ ጆንያ አንጥፋ ትፈታዋለች። መለኪያዋ በምላጭ የተቆረጠች የክብሪት እንጨት ነበረች። ካርቡራተሩን ገልብጣ እንጨቷን ከጠርዙ ላይ ታቆማለች፤ ጫፏ ተንሳፋፊዋን ሳትገፋ ነካ ካደረገቻት ልክ ነው። ካልሆነም ተንሳፋፊዋ ላይ ያለችውን ቀጭን ብረት በጥፍር ጎንበስ ወይም ቀና ማድረግ ነው። ሌላ ጣጣ የለውም።

አንድ ቅዳሜ ሁለታችንንም አስሞከረችን። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ምንትዋብ አሥር። እኔ ብረቷን ጫን ሳደርጋት ተጣመመች። ምንትዋብ ትንፋሿን ውጣ ነካ ነካ አደረገቻትና እንጨቷ ልክ ገባች። እትዬ አስካለ ቤንዚን በራሰ እጇ እጄን ያዝ አድርጋ፣ "የኔ ዓለም፣ ያንቺ እጅ ይቸኩላል። የሷ ያዳምጣል" አለችኝ። በፍቅር ነው ያለችው፣ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጨቷ ያለችበት የክብሪት ቀፎ ምንትዋብ ኪስ ገባ፤ እኔ ካቻቢቴ አቀባይ ሆኜ ቀረሁ። አንጀቴ አረረ። ታናሼ ናት እኮ! እራት ላይ እጇ ቤንዚን ቤንዚን ሲለኝ ሆን ብላ የምታስሸትተኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ምንትዋብ ወንዝ ልብስ ልታጥብ ስትሄድ፣ ቀፎውን ቤት ትታው ከሄደችው ሹራቧ ኪስ አወጣሁና እንጨቷን በምላጭ አሳጠርኳት። የቆረጥኩላት የጥፍር ጫፍ ቢያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ከሰዓት በኋላ ምንትዋብ በዚያችው ለካች፤ እትዬ አስካለም አምናት፣ ሳታይ ገጠመችው። እኔ ካቻቢቴውን አቀበልኩ።

ሰኞ ዕለት እትዬ አስካለ አንኮበር ሳትደርስ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስ ጀመር፣ ካንዴላው ራሰ፣ ሞተሩ ጉም ውስጥ ቀጥ አለ። በረዶው ቀልጦ ክትባቱ ተበላሸ። ከብቶቻቸውን ይዘው ሲጠብቋት የዋሉ ገበሬዎችም ሳያስከትቡ ወደ ቤታቸው ገቡ። እሷ ሞተሯን የጭነት መኪና ላይ አስጭና፣ ካፖርቷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰች።

"ምንትዬ፣ ቀፎውን እስቲ" አለች። እንጨቷን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየቻት። አንደኛው ጫፏ በቅባት ብዛት ጠቁሯል፤ አዲስ የተቆረጠው ግን ነጭ ነው። ይህን አላሰብኩም ነበር። እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ስቅስቅ ብላ ወደምታለቅሰው ምንትዋብ ዞራ፣ "አንቺ ምን አጠፋሽ? ሳላይ የገጠምኩት እኔ" አለቻትና ሌላ እንጨት ቆረጠች። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጡረታ ወጥታ አረርቲ ዘመዶቿ ዘንድ ስትገባ ሞተሩንም ቀፎውንም ለምንትዋብ ሰጥታት ሄደች። አምና ስናስቀብራት ለቀስተኛው ምንትዋብን "ልጇ ናት" እያለ ሲያጽናናት፣ በቀብሯም ላይ ቀናሁ። እንዲህ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ግቢዋ ውስጥ ምንትዋብ ቀፎውን ስትከፍተው ዓይኔን ላሸሽ ስል ሁለት እንጨት አየሁ። ረጅሟን አንስታ መለካት ጀመረች።

"ሁለተኛዋስ?" አልኳት።

አንገቷን ሳታቀና፣ "እኔ እንጃ። እትዬ ስትሰጠኝ 'ይቺ የእህትሽ ናት፤ እስክትጠይቅሽ ዝም በይ፣ ስትጠይቅሽ ስጫት' ብላኛለች። ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለችኝ። ከዚያ እንጨቷን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

አንደኛው ጫፏ አሁንም ነጣ ያለ ነበር። ለካ እትዬ አስካለ ለእኔም ትታልኝ ነበር።

ጆንያው ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"ምንትዬ፣ ያን ሰኞ ታስታውሺዋለሽ?" አልኳት።