የሚስቱን ስም የወሰደው ጁራንዲር

ጁራንዲርን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቤታችን ጎን ለጎን ነበር። በሰው ላይ ክፉ መናገር አልወድም ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆናል። በእሱ ላይ መናገር እወዳለሁ።

አባቱ ሴው ቤኔ ፒታንጋ፣ አቶ ቤኔ እንደማለት ነው፣ አሳማ አኮላሽ ነበሩ። በከተማችን በአጉዋ ማንሳና በዙሪያው ባሉት የካካዎ እርሻዎች አሳማዋ የወለደችለት ሰው ሁሉ የሚልከው ወደ እሳቸው ነው። በዚያች ማኮላሻ ቢላዋቸው ልጅ አስተምረዋል፣ ቤት ሠርተዋል። ችግሩ፣ በእኛ ከተማ «ፒታንጋ» ሲባል የሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደዚያችው ቢላዋ ነው። ጁራንዲር ሲያልፍ ልጆች ጭናቸውን ገጥመው «መጣብን» እያሉ ይሮጡ ነበር። እንደሚያናድድ አልክድም። ግን እኔም የመቃብር ቆፋሪ ልጅ ነኝ፤ ሲሰድቡኝ ድንጋይ አነሳሁ እንጂ አባቴን አልካድኩም።

አድጎ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆነ። ፀጉሩን በቅባት ለጥፎ፣ በዚያ ሙቀት ኮት ደርቦ ይንጎራደዳል። አባቱን መንገድ ላይ ካያቸው የቅርቡ ሱቅ ይገባና የማይገዛውን ዕቃ ዋጋ ይጠይቃል።

ከዚያ ኤውላሊያ ሞንታልቫርን አጨ። ምን እንዳየችበት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሞንታልቫሮች ድሮ ወረዳውን ሁሉ የያዙ የካካዎ ባላባቶች ናቸው። በሽታ ገብቶ ዛፉን ሲጨርሰው መሬቱም አብሮ ሄደ፤ የቀራቸው ጣሪያው የሚያፈስ ትልቅ ቤትና ስማቸው ነው። ስሙም ቢሆን ስም አልነበረም። አያቷ ኮሎኔሉ ታጣቂ እየላኩ፣ የገበሬ ጎጆ እያቃጠሉ ነው መሬታቸውን ያሰፉት። ኤውላሊያ አስተማሪ ናት፤ የተማሪዎቿ አያቶች ከእነዚያ ጎጆዎች የተባረሩ ናቸው። በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ስሟን ለልጆቹ ስትናገር ድምጿ ዝቅ ይላል።

ጋብቻውን ለማስመዝገብ የሄድን ቀን ምስክሯ እኔ ጓደኛዋ ነበርኩ። በአገራችን ሕግ ሚስት የባሏን የቤተሰብ ስም መጨመር ትችላለች፣ ባልም የሚስቱን፤ ወንድ ሲያደርገው ግን አይቼ አላውቅም። መዝጋቢዋ ዶና ኢራሴማ ቀና ብላ፣ «ስም የሚጨምር አለ?» አለች።

«እኔ» አለ ጁራንዲር ወዲያው። «ከዛሬ ጀምሮ ሞንታልቫር ነኝ። ፒታንጋን አውጪልኝ።»

«የአባት ስም አይወጣም የኔ ጌታ። ሌላው ይጨመርበታል እንጂ።»

«እንግዲያው በአንድ ፊደል ጻፊው።»

«እኔ ሙሉውን ነው የምጽፈው። ስትፈርም እንደፈለግክ አድርገው።»

ሴው ቤኔ አጠገቡ ቆመዋል። ለዕለቱ የተዋሱት ሸሚዝ አንገታቸውን ይዟቸው ፊታቸው ቀልቷል።

«አንቺስ ልጄ?» አለች ዶና ኢራሴማ።

«ፒታንጋን ጨምሪልኝ» አለች ኤውላሊያ። «ሞንታልቫርን ተሸክሜ ደክሞኛል።»

ጁራንዲር ዞረባት። «ደህና ነሽ? የአሳማ አኮላሽ ስም?»

«የአባትህ ስም።»

ሴው ቤኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ውሰጂልኝ ብዬ አልለምንሽም፤ ከወደድሽው ግን ያንቺ ነው» አሏት።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው የሚቻል አልሆነም። ራሱ የፈጠረውን አርማ ቀለበት ላይ አስቀረጸ። «ጁራንዲር ፒ. ሞንታልቫር» ብሎ ይፈርማል። መጠጥ ቤት ያሉት ደግሞ «ፒ ምንድን ነው?» ይሉና «ፖርኮ» ብለው ራሳቸው ይመልሳሉ፤ አሳማ ማለታቸው ነው። እውነተኞቹ ሞንታልቫሮችም ቢሆኑ አልተቀበሉትም። የኤውላሊያ አክስት ሌዮካዲያ አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያ የአሳማው ሰውዬ ልጅ ጃንጥላዬን ያምጣ» ትላለች። ያመጣል። ደስ እያለው ያመጣል።

ይባስ ብሎ ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር አለ። አዲሱን ስሙን በትልቁ ያጻፈበትን ጨርቅ አስይዞ ባይሻ ቬርዴ ሊቀሰቅስ ተነሣ። ባይሻ ቬርዴ ማለት ኮሎኔሉ ያፈናቀሏቸው ቤተሰቦች የሰፈሩበት ነው።

«እዚያ አትሂድ» አለችው ኤውላሊያ። «ከሄድክም የቤኔ ልጅ ነኝ በል። እሳቸውን ይወዷቸዋል።»

«አስተምሪ አንቺ። ፖለቲካውን ለእኔ ተዪው።»

ስለሰጋች እኔን ይዛ ተከተለችው። ዶና ፊርሚና የሚባሉ አሮጊት የአሳማ ምግብ በባልዲ ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ጨርቁን አነበቡት።

«የሞንታልቫር ወገን ነህ?»

በጋብቻ ነው ማለት ይችል ነበር። «አዎ እማማ፣ ኮሎኔሉ አያቴ ናቸው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

አሮጊቷ ባልዲውን ከአናቱ ላይ ደፉበት። የካሳቫ ልጣጭ፣ የከረመ ባቄላ፣ እጣቢ፤ ሁሉም በኮቱ ላይ ወረደ። ጫጫታውን ሰምተው ከጓሮ የወጡት ማን ናቸው? ሴው ቤኔ። የፊርሚናን የአሳማ ግልገሎች ሊያኮላሹ መጥተው ነው። ልጃቸውን እጁን ይዘው ውኃ ጉድጓዱ ጋ ወሰዱት፤ ሸሚዛቸውን አውልቀው ፊቱን ጠረጉለት።

«ሴው ቤኔ፣ ይሄን ሰውዬ ያውቁታል?» አሉ ዶና ፊርሚና።

ሽማግሌው ልጃቸውን እያዩ ጠበቁ። እኛም ጠበቅን።

«ድሮ ለቤታችን ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው» አለ ጁራንዲር።

«እውነቱን ነው» አሉ ሴው ቤኔ። «አሳማዎቻቸውን አኮላሽ ነበር።» እርጥቡን ሸሚዝ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ግልገሎቹ ተመለሱ።

ኤውላሊያ ቤት ስንደርስ ሻንጣ አወረደች፤ እኔ ልብሷን አጣጥፍላት ጀመር። እሱ እየሸተተ ገባ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አባቴ ቤት ልሄድ ነው።»

«አባትሽ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።»

«የሞተው የሞንታልቫሩ ነው» ብላ ሻንጣውን ዘጋች።

በምርጫው ከባይሻ ቬርዴ አንድ ሰው አልመረጠውም። ፍቺ ሲፈጽሙ የቀድሞ ስማቸውን ይፈልጉ እንደሆነ ተጠየቁ። እሱ አልፈልግም አለ፤ እሷም አልፈልግም አለች። ኤውላሊያ ሴው ቤኔ ቤት ገብታ እሳቸውን ጦረች። እሱ የአክስቷ የሌዮካዲያ ግቢ ጓሮ ካለችው ክፍል ገባ፤ የዚያችን አሮጊት ጃንጥላ ይዞ ከኋላ ከኋላዋ ይሄዳል።

ሴው ቤኔ ባለፈው ክረምት ሞቱ። ባይሻ ቬርዴ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዝናብ ስለነበር መቃብሩ ዙሪያ ጭቃ ነው። ቄሱ «ቤተሰብ ወደፊት ቅረቡ» ሲሉ ኤውላሊያ ብቻዋን ቀረበች። ጁራንዲር ከኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። አፍሮ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ዓይኔን ጣል ሳደርግበት ጫማውን እያየ ነበር። አዲስ ጫማ ነው።