ለጭጋግ የተተዉ ሦስት ቀናት

ሎርና ሃስኬት ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ማስመሪያውን በኦሪገን ባሕር ዳርቻ ላይ አስተኝታ ከአስቶሪያ እስከ ባንደን በእርሳስ አሰመረች። የማረፊያ ሜዳዎቹን አከበበች፤ የነዳጁን ልክ በየጎናቸው ጻፈች። በመጨረሻ ቀን መቁጠሪያው ላይ ሦስት ቀን ባዶ ተወች።

"አንቺ ሴት፣ የሁለት ቀን በረራ እንዴት አምስት ሆነ? በእግር ልታስኬጂኝ ነው?" አለ ባሏ ጋርዝ።

"ሦስቱ የጭጋጉ ናቸው።"

ጋርዝ ሳቁን ዋጠ። ወንድሟ መርል በዚሁ መስመር ሲበር ነበር ተከስክሶ የቀረው፤ ሰኞ ሥራ መግባት አለብኝ ብሎ፣ ጭጋጉ ሳይገለጥ ተነሥቶ። የአውሮፕላኑን ሞተር የጠገነችው ራሷ ሎርና ነበረች፤ እንከን አልነበረበትም። የገደለው የሰኞው ቀጠሮ ነው።

ስለዚህ ሎርና አንድ ነገር ትለምናችኋለች፦ ከትንሿ አውሮፕላኗ ክንፍ ሥር ሆና ሰማይ ሰማዩን ስታይ ብታገኟት፣ ወንበር አቀብሏት እንጂ "መቼ ትነሻለሽ?" አትበሏት።