ክሬኖቹ ያረፉበት አውድማ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሩቅ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ አንድ የወፍ መጽሐፍ፣ አንድ ካርቶን ውሃና የእንግዶቹን የምሳ ሳጥን አሸከሙኝ። ማዕረጌ ረዳት አስጎብኚ ነበር። ረዳት አስጎብኚ ማለት የምሳ ሳጥን ተሸካሚ ማለት እንደሆነ የገባኝ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንደርስ ነው።

ቢሯችን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዕለቱ የሚመለስ ጉዞ ነበር የሚሸጠው። በሰሜን ሱሉልታ፣ በምዕራብ ከቡራዩ አለፍ ብሎ ገፈርሳ ግድብ፣ በደቡብ ምዕራብ ሰበታን አልፎ ተፍኪ። እንግዶቻችን አብዛኞቹ ለስብሰባ መጥተው ማግስቱን የሚበሩ ሰዎች ናቸው። ያላቸው አንድ ቀን ነው፤ በዚያች አንድ ቀን ወፍ ማየት አለባቸው።

ሹፌራችን ኦቦ ቶላ ይባላሉ። የሰበታ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜም ጠጉራቸው ሸብቷል። በዚያ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ከብት የምትጠብቅ ሴት ጠጋ ብላ ምን እንደምናደርግ ጠየቀቻቸው። «ሽምብሮ ኢላላ» ብለው መለሱላት።

እኔም ጨዋታ ለማሞቅ «እሸት ከሆነማ ለእኔም ይድረሰኝ» አልኩ።

ኦቦ ቶላ ዞር ብለው አዩኝ። «ሱሉልታ ላይ ከሣርና ከወተት በቀር ምን አይተህ ታውቃለህ? ሽምብሮ ማለት ወፍ ነው። ወፍ እያየን ነው አልኳት።» ሴትዮዋ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ኦሮምኛ መማር የነበረብኝ ያን ዕለት ነው። እኔ ግን «አከም ጂርቱ» ማለት ለሰላምታ ይበቃኛል ብዬ ዓመታት አሳለፍኩ። ቤት ተከራይቼ የምኖረው ደግሞ ቡራዩ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ቀስ በቀስ አስጎብኚ ሆንኩና ቴሌስኮፑ በእጄ ገባ። እኛ «ማሽኑ» እንለዋለን። ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ አለው። እግሮቹን ትዘረጋለህ፣ ቁልፎቹን ታጠብቃለህ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ በሌላው ታያለህ። ከዚያ እንግዳው ያያል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የቢሯችን ባለቤት ወይዘሮ ሙሉነሽ በመንገድ ዳር ስንቆም መኪና እንዳይገጨን ብለው አንጸባራቂ ቢጫ ሰደርያ አስለበሱን። ለእንግዶቹም እናለብሳቸዋለን።

ኦቦ ቶላ አንድ የሚያናድደኝ ጠባይ ነበራቸው። የትም ስንደርስ ማሽኑ ከመውረዱ በፊት በአቅራቢያው ወዳለው ቤት ይሄዳሉ። ሰላምታ፣ የከብት ጤና፣ የዝናብ ነገር፣ አንዳንዴም ቁጭ ብሎ እርጎ መጠጣት። እኔ ብርሃኑ ሊያልፍብኝ ነው፤ ወፍ የሚታየው በጠዋት ነው። አንድ ቀን ለወይዘሮ ሙሉነሽ «ኦቦ ቶላ በሰላምታ ሰዓት እየፈጁብኝ ነው» ብዬ ከሰስኳቸው። ወይዘሮ ሙሉነሽ ሲነግሯቸው «እሺ» አሉ፤ ሰላምታቸውን ግን አላሳጠሩም።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ግርግር ባስነሳበት በጋ አንድ ባልና ሚስት መጡ። ሁለቱም ጡረታ የወጡ መምህራን ናቸው። ባልየው የፈለገው አንድ ወፍ ብቻ ነው፦ ክሬን። ረጅም፣ ግራጫ፣ እግረ መሎሎ ወፍ ነው። በእነሱ አገር ይፈለፈላል፤ ብርዱ ሲመጣ ተነስቶ ተፍኪ ሜዳ ላይ ይከርማል። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሄዱ አያለሁ» አለኝ። «የት እንደሚሄዱ ሳላይ መሞት አልፈልግም።»

ጠዋት ቢሮ ስደርስ ኦቦ ቶላ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቆመዋል።

«ዛሬ አልሄድም» አሉ። «አንተም አትሂድ።»

«ምን ሰሙ?»

«በቀደም ተፍኪ ቀያሾች መጥተው ሕዝቡ አባሯቸዋል። ሰዉ ተቆጥቷል።»

«እኛን ከቅየሳ ጋር ምን አገናኘን?» አልኩ። ወይዘሮ ሙሉነሽም እንግዶቹ ማግስቱን እንደሚበሩ አስታወሱኝና «ተፍኪ ድረስ ብቻ ሂድ፤ ካስፈራህ ተመለስ» አሉ። መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ቁልፉን አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰላምታ በሌለበት ቶሎ እንደርሳለን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰበታ ሱቆች ተዘግተዋል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ላይ አንድም አውቶቡስ የለም፤ የተቃጠለ ጎማ ያጠቆረው አስፋልትና ወደ ዳር የተገፋ ድንጋይ ብቻ ነው። እንግዶቹ እንዳይደነግጡ ስለምንሄድበት ቦታ አወራላቸው ጀመር። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የታጠረ ሰፊ ሜዳ አለ፣ አይታረስም፣ ከብትም አይገባበትም፣ «እዚያ ሰው የለም፤ ወፎቹ የሚወዱትም ለዚህ ነው» አልኳቸው። ይህን ቃል ለስንት እንግዳ እንደተናገርኩት አላስታውስም።

ከጥርጊያው መንገድ ዳር ከፍ ያለ አፈር ላይ ማሽኑን ተከልኩ። ሦስታችንም ቢጫውን ሰደርያ ለብሰናል። ክሬኖቹ ከአጥሩ ውስጥ ርቀው ቆመዋል። ባልየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ መቁጠርና መጻፍ ጀመረ። ሚስቱ ጀርባውን ትደባብሰው ነበር።

ሰዎቹ ሲመጡ አላየኋቸውም። ቀና ስል የሽምብራ ማሳ አቋርጠው ደርሰዋል። ብዙ ወጣቶች፣ ጥቂት ሴቶች፣ ፊት ፊት ደግሞ ዱላ የያዙ አንድ ሽማግሌ። የወጣቶቹ እጅ ድንጋይ ይዟል። ሽማግሌው ማሽኑን አዩት፣ ደብተሩን አዩት፣ ሰደርያችንን አዩ።

«ማል ሰፈራ ጂርቱ?» አሉኝ።

አእምሮዬ ቶሎ ቶሎ ሠራ። «ማል» ምን ማለት ነው፤ ይቺን አውቃታለሁ። «ጂርቱ» የሰላምታዋ ናት። መሀል ላይ ያለችው ደግሞ ሰፈር ናት። ሰፈሬን ነው የጠየቁኝ! ፊቴን ፈታ አድርጌ ባለኝ ኦሮምኛ ሁሉ መለስኩ።

«ፊንፊኔ!» አልኩ።

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። የሩቅ አገር ሰው መስያቸው ይሆናል ብዬ ቤቴን ጨመርኩ። «ቡራዩ!» አገሩን ሁሉ በሥራ እንደማውቀው ለመግለጽ በእጄ ዙሪያውን እያሳየሁ «ሰበታ! ሱሉልታ!» አልኩ።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። እኔ በመናገሬ ነፍሴ ልትቀር ነበር። አንዱ ወጣት ማሽኑን እግሩን ይዞ ነቀለው፣ ሌላው ደብተሩን ከእንግዳው እጅ ቀማው፣ አንድ ድንጋይ መኪናውን መታ። ሚስትየው ጮኸች። የፈራሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ አትሂድ ተብዬ እነዚህን ሰዎች እኔ አምጥቻቸዋለሁ።

አንዲት ወጣት ሰዉን ገፍታ ፊቴ ቆመች። ሰበታ ኮሌጅ የምትማር የሽማግሌው ልጅ ናት፤ ስሟ ጫልቱ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ አባቴ ምን እንዳለህ ገብቶሃል?» አለችኝ በአማርኛ።

«ሰፈሬን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።»

«'ምን እየለካችሁ ነው?' ነው ያለህ!»

ለካ ቀያሽ መስለናቸው ነው። ምን እየለካችሁ ነው? ፊንፊኔን፣ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን። ከተማው ሊውጣቸው ነው የተባሉትን አገሮች አንድ በአንድ ጠርቼላቸዋለሁ፤ ለዚያውም በፈገግታ።

«ኧረ እኛ አንለካም!» አልኩ። «ክሬን ልናይ ነው የመጣነው!»

«ክሬን?» ዓይኗ ፈጠጠ። «የሕንፃ ክሬን? እሱም ሊመጣ ነው?»

«የወፍ! የወፍ ስም ነው!» እጄን እንደ ክንፍ አራገብኩ። ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቀን የተረፈችኝ ቃል ያኔ መጣችልኝ። «ሽምብሮ! ሽምብሮ ኢላላ!»

አንዲት ሴት ሳቀች። ከእሷ ሳቅ በኋላ ድንጋይ የያዙት እጆች ትንሽ ዝቅ አሉ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ለልጃቸው አንድ ነገር ነገሯት።

«ወፍ ከሆነ አሳየኝ ይላል» አለች።

ማሽኑን መለሱልኝ። እግሩን መልሼ ተከልኩ፤ ቁልፉን ያጠበቀልኝ እንግዳው ነው። ሽማግሌው፣ ኦቦ ደበላ፣ ዱላቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ጎንበስ አሉ። እንግዳው በእጁ አንድ ዓይን እንዴት እንደሚጨፈን አሳያቸው። አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁና «ሽምብሮ ነው» አሉ ለሰዉ። ነገሩ በዚያ የሚያልቅ መስሎኝ ተነፈስኩ።

እሳቸው ግን ከማሽኑ አልተነሱም። በእጃቸው ወደ ግራ እንዳዞርላቸው አመለከቱኝ። አዞርኩ። ትንሽ ደግሞ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና ለረጅም ጊዜ አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«አባትሽ ምን አሉ?» አልኳት ጫልቱን።

«አውድማችን ነው» አለች። «ያቺ ግራር ሥር። ፋብሪካ ይሠራበታል ተብሎ ሲታጠር እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ምንም አልተሠራበትም። የአጥሩ ዘበኛ አባቴን አያስጠጋውም፤ ከዚህ ደግሞ ዓይኑ አይደርስለትም። አውድማው ላይ ሣር በቅሏል ነው ያለው።»

ከክሬኖቹ ብዙዎቹ የቆሙት እዚያ ሣር ላይ ነበር።

ኦቦ ደበላ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አማርኛ እንደሚችሉ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ቀድሞ ሊናገሩኝ አልፈለጉም።

«በየዓመቱ እዚያ ነው የሚያርፉት?»

«አዎ አባቴ።»

«አንተስ በየዓመቱ ታያቸዋለህ?»

«አዎ።»

«እነሱን ማን አስገባቸው?»

እንግዳው «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝና ቃል ሳላስቀር ነገርኩት፤ ጠዋት «እዚያ ሰው የለም» ብዬው እንደነበር እሱም እኔም እናስታውሳለን። ባርኔጣውን አውልቆ ለኦቦ ደበላ እጁን ዘረጋ። ትንሽ ቆይተው ጨበጡት። ደብተሩም ተመለሰለት።

ሲለቁን ጫልቱ ሳትጠየቅ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እኔ ካልታየሁ አስፋልቱ ድረስ አትደርሱም» አለች። መንገድ የዘጉትን ሁለት ጊዜ በመስኮት አነጋግራ አሳለፈችን። ተፍኪ ስትወርድ አጠራሯ ተለውጦ ነበር። «ጋሼ፣ ሁለተኛ ሲመጡ ከአባቴ ቤት ይጀምሩ» አለችኝ።

ማግስቱን ለኦቦ ቶላ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሱሉልታ!» ያልኩበት ጋ ስደርስ እስኪያነቡ ሳቁ። ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ «በሰላምታ ሰዓት ይፈጃል ብለህ የከሰስከኝ ይህንን ነው» አሉ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ በየጉዞው አንድ ቃል ያስጠኑኝ ጀመር። የመጀመሪያዋ «ሂን ሰፈሩ» ናት፤ አንለካም ማለት ነው።

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። አጥሩ አልፈረሰም። በሚቀጥለው በጋ ተፍኪ ስሄድ ከኦቦ ደበላ ደጅ ጀመርኩ፤ እርጎም ጠጣሁ፣ ብርሃኑም አለፈኝ። ከዚያ በኋላ ደንብ ሆነ። ማሽኑን እተክላለሁ፣ ከእንግዳ በፊት እሳቸው ያያሉ፣ መጀመሪያ ወደ ግራ። አንዳንዴ ሣሩ ረዝሟል ይላሉ። እንግዶች «እንዴት ጸጥ ያለ ቦታ ነው!» ሲሉኝ የማን አውድማ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ።

እንዲህ ጥቂት በጋ አለፈ። አንድ ዓመት ደጁን ሳንኳኳ የከፈተችልኝ ጫልቱ ናት፤ ጥቁር ለብሳለች። ክሬኖቹ ያን ዕለትም ከግራሯ ሥር አርፈው ነበር። ኦቦ ደበላ እዚያ ሳያርፉ አረፉ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ማሽኑ በሌላ ሰው እጅ ነው። ለአዲስ አስጎብኚዎች የምለው አጭር ነው። ማሽኑን ከመትከላችሁ በፊት ቤት አንኳኩ። የምትጠየቁበትን ቋንቋ ተማሩ። ሰው ሳትጠይቁ «እዚህ ሰው የለም» አትበሉ።