ሾተላይ ደም የሆነ ጊዜ

ሾተላይ በቤታችን መጀመሪያ ጋኔን ነበር። ከመጀመሪያዋ ልጄ በኋላ የወለድኳቸው ሁለቱ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ በሳምንታቸው ሲሞቱብኝ፣ አማቴ ከደንቢያ ጠበል በጄሪካን ይዘው እኛ ወዳለንበት ቆላ፣ ሸሕዲ ድረስ ወረዱ። ረጩኝ፤ ክታብ አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ ይለቅሻል» አሉኝ። ጎረቤቴ ስትወልድ በሯን እንዳልረግጥ መከልከሌ አንገብግቦኛል። ቢሆንም ጋኔኑ ሌላ፣ እኔ ሌላ ነበርን።

ባሌ የመንግሥት እርሻ የትራክተር መካኒክ ነው። የእርሻው ጤና ረዳት መክሮን ጎንደር ሄድን። ሐኪሙ የሁለታችንንም ደም አስመርምሮ «እናንተ ሾተላይ የምትሉት ይሄ ነው» አለን። «ያንተ ደም ያለው ነገር የሷ ደም የለውም። ልጁ ያንተን ሲወርስ የሷ ደም አይቀበለውም። ማናችሁም አላጠፋችሁም።» ባሌ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። እኔ በደስታ አለቀስኩ።

ቤት ስንገባ እናቱ ምን እንደተባለ ጠየቁት።

«ደሟ ነው አሉ» አላቸው።

ይቺን ብቻ። የቀረውን ዋጠው። አማቴ ክታቡን ከአንገቴ ፈቱ። «እንግዲህ ደም በጠበል አይለቅም» አሉና የቀረችኝን ልጅ ከኔ አርቀው ወደ ደጋ፣ ደንቢያ ሊወስዷት ተነሱ። ጋኔን በነበረ ጊዜ እኮ ልጄን አልነኩብኝም!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አማቴን የደጋው አውቶቡስ ውስጥ፣ ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አገኘኋቸው። ያኔ ያለሱ መንገድ የማይኬድበት የቀበሌው የይለፍ ወረቀት በእጃቸው ነው፤ የልጄ ስም ተጽፎበታል። ያስጻፈው ባሌ ነው፣ ሳይነግረኝ።

«ተይ፣ ለጊዜው ነው» አለኝ ከኋላዬ።

ወደ እናቱ ዞርኩ። «እማማ፣ ልጅዎ የነገረዎ ግማሹን ነው። ሐኪሙ የሁለታችን ደም ነው ያለው። የሱ ደም ደግሞ ከእርስዎ ነው የመጣ። ከኔ ደም የሚያሸሿት ከሆነ እርስዎ ጭን ላይ ምን ትሠራለች?»

አማቴ ልጃቸውን «እውነት ነው?» አሉት። እሱ መሬት መሬት አየ። ልጅቷን አንስተው ሰጡኝ፤ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ደንቢያ ላይ ስሜ «ሾተላይዋ» ሆኖ ቀረ። አማቴን አልቀየምኳቸውም፤ ልጃቸው የነገራቸውን ነው ያመኑት፣ እውነቱን ሲሰሙም ልጄን መልሰውልኛል። ባሌ ግን በየዓመቱ እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል፣ አገሬው እንዲያ ሲለኝ ይሰማል፣ አንድም ቀን «የኔም ደም አለበት» ሳይል ይመለሳል። እሱን ይቅር አላልኩትም።